ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት መንደር፦ የገጠር ኮሜዲ ተከታታይ ድራማ ከባዶ ወረቀት እስከ ቀረጻ

የመጀመሪያውን የገጠር ኮሜዲዬን በአንድ ሌሊት 12 ገጽ ጻፍኩ። እየጻፍኩ ራሴ እስቅ ነበር። ስልክ ሲጮህ የሚበረግግ ገበሬ አለበት። ካሜራ ሲያይ የሚሸሽ ሽማግሌ አለበት። የቀሩት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያወሩ ይውላሉ። በማግስቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ ለኖረ ዘመዴ አነበብኩለት። ጨዋ ሰው ነውና እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጠኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?»

ፋይሉን ዘጋሁት። የጻፍኩት ገጠርን ከመኪና መስኮት የሚያይ ሰው የሚያየውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጻፍኩ፣ ብዙ ጣልኩ። አሁን የገጠር ኮሜዲ ሞተሩ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል። ከተማ ውስጥ ከጎረቤት ጋር የተጣላ ሰው በሌላ ሰዓት ይወጣል፣ በሌላ መንገድ ይሄዳል፣ ነገሩ ይበርዳል። መንደር ውስጥ ይህ የለም። ጠዋት የሰደብከውን ሰው ከሰዓት መሰላል አበድረኝ ልትለው ትሄዳለህ። መደበቅ አይቻልም፤ መሄድም አይቻልም። ሳቁ የሚፈላው እዚህ ድስት ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን ድስት እሳት ላይ የማስቀመጫ መንገድ ነው።

ደረጃ 1፦ ከሰዎቹ በፊት መንደሩን ሳሉ

አንድ ትልቅ ወረቀት አምጡ። ስዕል አለመቻል ችግር የለውም። መንገዱን አስምሩ፣ ውሃ የሚቀዳበትን አስቀምጡ፣ ቤቶቹን በሳጥን ሳሉ። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፉበት።

መጀመሪያ፣ ሰው ሳይወድ የሚሄድባቸው ቦታዎች። ወፍጮ ቤት፣ የውሃ ቦታ፣ ብቸኛው ሱቅ፣ የመንደሩ ቢሮ፣ መኪና የሚቆምበት ጥግ። ከአራት አይብዙ። ለቀረጻም ለተመልካችም ይከብዳል። ከአራቱ አንዱ ሰው ወረፋ የሚጠብቅበት ይሁን። ወረፋ ለኮሜዲ ጸሐፊ ስጦታ ነው። የተኳረፉ ሰዎችን ጎን ለጎን ያቆማል፤ ማንም ተራውን ትቶ አይሄድም። የካናዳው «ኮርነር ጋስ» እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009፣ 107 ክፍል የሄደው አንዲት የነዳጅ ማደያን መሃል ላይ አስቀምጦ ነው። አገሩ ሜዳ ነው፣ የሚታይ ነገር የለም፤ ሰው ግን ነዳጅ ያስፈልገዋል። ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ርቀት በእግር ደቂቃ። ከሱቁ እስከ ቢሮው 4 ደቂቃ፣ ከቢሮው እስከ ወፍጮው 9 ደቂቃ። ይህ ለጌጥ አይደለም። ወሬ የሚሄደው በዚህ ፍጥነት ነው። ስልክ ቢኖርም ኔትወርክ አንድ ቦታ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ወሬ አሁንም በእግሩ ይሄዳል። ባለጉዳዩ ራሱ ከወሬው ቀድሞ ሊደርስ ሲሮጥ ማየት ብቻውን አንድ ትዕይንት ነው።

ሦስተኛ፣ ከየትኛው በር የትኛው በር ይታያል። ቀስት አድርጉበት። የሱቅ ባለቤቱ ማን ቢሮ እንደገባ ያያል። እሱ ሲያይ የሚያየው ሌላ ሰው ደግሞ አለ። ይህን ካርታ ሳትጨርሱ አንዲት የምልልስ መስመር አትጻፉ። እኔ ሁለት ጊዜ ዘልዬው ሁለቴም አምስተኛ ክፍል ላይ ተመልሼ ስዬዋለሁ። ያኔ ደግሞ ቤቶቹ ያሉበት ቦታ ቀድሞ ከጻፍኩት ጋር አልገጥም አለ።

ደረጃ 2፦ ሰዎቹን ከነሥራቸው አምጡ

ከስድስት እስከ ስምንት ዋና ገጸ ባህሪ ይበቃል። ለእያንዳንዱ አራት መስመር ብቻ ጻፉ፦ እጁ ምን ይሠራል? ምን ይፈልጋል? ምን ይደብቃል? ስለ ራሱ እሱ ብቻ የሚያምነው ነገር ምንድን ነው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ጎበዝ አስታራቂ ነኝ ብሎ የሚያምን፣ ግን በሄደበት ሁሉ ጠብ የሚያባብስ ሰው ዓመት ሙሉ ይጻፍለታል። «ሰነፍ ሰው» ብላችሁ የጻፋችሁት ግን ሁለተኛው ክፍል ላይ ያልቅባችኋል። ሰነፍነት ጠባይ ነው። ምኞት አይደለም። ሰነፉ ታታሪ ነኝ ብሎ ካመነ ግን ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያዋ ጥያቄ የዘመዴ ጥያቄ ናት። የገጠር ሰው እያወራ እጁ ይሠራል። ይፈለፍላል፣ ይገምዳል፣ ይጠግናል፣ ያራግፋል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ማንም ቆሞ ረጅም ንግግር አያደርግም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ከምልልሱ በፊት የሚሠራውን ሥራ ጻፉ። ሥራው ራሱ ሳቅ ይሰጣል። ሁለት ሰዎች ከባድ ነገር ለሁለት ተሸክመው ከተጣሉ ማንም ቀድሞ ማስቀመጥ አይፈልግም።

ተቃራኒዎችን በሥጋ እሰሯቸው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2016 በፖላንድ ቴሌቪዥን የታየው «ራንቾ» የአካባቢውን አስተዳዳሪና የደብሩን ቄስ መንታ ወንድማማቾች አደረጋቸው። ሁለቱንም የሚጫወተው አንድ ተዋናይ ነው። ሥልጣንና ሃይማኖት ሲጋጩ ማየት ደረቅ ሊሆን ይችላል። ወንድማማቾች ሲጋጩ ግን ሁሉም ሰው ገብቶት ይስቃል። እዚያው ድራማ ላይ ሱቅ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ። በላዩ ሰዎች ተቀምጠው እየጠጡ የመንደሩን ነገር ሁሉ ሲተነትኑ ይውላሉ። ታሪኩን የሚገፋው ሌላ ነው። እነሱ ፍርድ ይሰጣሉ። እንዲህ ዓይነት ጥግ ለእናንተም ያስፈልጋችኋል፤ ተመልካች የሚያስበውን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ማለት ነው።

የንግግር ልማድም ስጧቸው፣ ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ብቻ። የእንግሊዙ «ዘ ቪካር ኦፍ ዲብሊ» ውስጥ «አዎ» ለማለት መጀመሪያ ብዙ ጊዜ «አይ፣ አይ፣ አይ» የሚል ሽማግሌ አለ። አንድ ሰው ሲያደርገው ተመልካች ይጠብቀዋል። ስምንቱም የየራሳቸው ልማድ ካላቸው ግን ድራማው የበቀቀን ቤት ይሆናል።

ደረጃ 3፦ የዕዳ ካርታ

ይህን ከማንም አልተማርኩትም፤ ብዙ ከወደቅኩ በኋላ ራሴ የደረስኩበት ነው። ሌላ ወረቀት ላይ የሰዎቹን ስም በክብ ጻፉ። ከዚያ ማን ለማን ምን ባለዕዳ እንደሆነ በቀስት አገናኙ። ገንዘብ ትንሹ ዕዳ ነው። ትልልቆቹ ሌሎች ናቸው፦ ምስጢሩን የያዘለት፣ ልጁን የዳረለት፣ ስብሰባ ላይ ያላጋለጠው፣ ከሰባት ዓመት በፊት አካፋ ተውሶ ያልመለሰለት።

ከእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ቀስት ይውጣ፣ ሁለት ቀስት ይግባ። ማንም ዕዳ የሌለበት ሰው ካለ ከድራማው አስወጡት፤ ወይም ባለዕዳ አድርጉት። ይህ ካርታ በኋላ ሲቸግራችሁ ያድናችኋል። ታሪክ ሲደርቅ አንዱን ቀስት ትመርጡና ባለገንዘቡን «ዛሬ መልስልኝ» ታስብሉታላችሁ። ያ አንድ ክፍል ነው።

ደረጃ 4፦ እንግዳው ይምጣ ወይስ ይቅር?

ብዙ የገጠር ኮሜዲዎች የሚጀምሩት ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው የህንዱ «ፓንቻያት» የምህንድስና ተመራቂ የሆነ የከተማ ልጅን ሌላ ሥራ ስላጣ የመንደር ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ አድርጎ ይልከዋል። «ራንቾ» ውስጥ ከአሜሪካ የመጣች ሴት አለች። ዲብሊ የደረሰችው ደግሞ መንደሩ ወንድ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ የመጣች ሴት ቄስ ናት። ዘዴው ምቹ ነው። እንግዳው የማያውቀውን ሲጠይቅ ለተመልካችም ይመለስለታል።

አደጋውም እዚያው ነው። ካሜራው ከእንግዳው ጎን ቆሞ በመንደሩ መሳቅ ይጀምራል። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለኝ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳቆች በእንግዳው ላይ ይሁኑ። ጫማው ጭቃ ውስጥ ይቅር፣ ያነበበው ነገር አይሥራ፣ የናቀው ሰው ያድነው። ከዚያ በኋላ በሁሉም ላይ መሳቅ ይቻላል።

እንግዳ ግን ግዴታ አይደለም። የእንግሊዙ «ላስት ኦፍ ዘ ሰመር ዋይን» እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 2010 በቢቢሲ 295 ክፍል ሄዷል፤ ሁሉንም የጻፈው አንድ ሰው፣ ሮይ ክላርክ ነው። በዮርክሻየር ኮረብታዎች ላይ የሚንከራተቱ ሥራ የሌላቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ እንደ ሕጻን ይጫወታሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። ለዘመዴ ጥያቄ እነሱ መልስ አላቸው፤ ሥራ አለመኖሩ ራሱ ታሪካቸው ነው።

ደረጃ 5፦ ችግሩን አሳንሱት

ጀማሪ ትልቅ ችግር ይመርጣል። ድርቅ፣ የመሬት ክርክር፣ ጠለፋ። እነዚህ የሌላ ድራማ ናቸው። የአንድ ክፍል ችግር በእጅ የሚያዝ ዕቃ ቢሆን ይመረጣል። «ፓንቻያት» የመጀመሪያውን ክፍል የሚጀምረው አዲሱ ጸሐፊ ሲመጣ የቢሮው ቁልፍ ጠፍቶ ነው። ሌላ ክፍል ደግሞ ጎማ ባለው የቢሮ ወንበር ዙሪያ ይዞራል። ቁልፍና ወንበር ብቻ። ሥልጣን፣ ክብር፣ ቅናት፣ ሁሉም በእነሱ ውስጥ ገብቷል።

ዕቃውን ከመረጣችሁ በኋላ እነዚህን ጠይቁ። በመንደሩ ውስጥ አንድ ብቻ ነው? ቢያንስ ሦስት ሰው በአንድ ቀን ይፈልገዋል? አንዱ ሰው መፈለጉን መናገር ያፍራል? የመጨረሻዋን «አዎ» ካላገኛችሁ ዕቃውን ቀይሩ። የሚያፍር ሰው ከሌለ ችግሩ ተጠይቆ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

እኔ መሰላል መረጥኩ። መንደሩ አንድ መሰላል አለው። ባለቤቱ አንዲት አሮጊት ናቸው። ለማንም ከልክለው አያውቁም፤ ማን ስንት ቀን እንዳቆየውም ረስተው አያውቁም።

ደረጃ 6፦ 22 ደቂቃውን ከፋፍሉ

ማስታወቂያ በሚገባበት የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ለድራማው የሚቀረው ወደ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። ምልልሱ ፈጣን ከሆነ ገጹ ትንሽ ይበዛል። አንድ ዋና ታሪክና አንድ የጎን ታሪክ ይበቃል። ሁለቱ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ መጋጨት አለባቸው። የመሰላሉን ክፍል እንዴት እንዳዋቀርኩት ላሳያችሁ።

ከ0 እስከ 2፦ ስብሰባ። ሊቀመንበሩ አዲስ ደንብ ያውጃል። ኔትወርክ ፍለጋ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ይቀጣል፤ ቆርቆሮ ተበላሽቷል። ቅጣት እንዲመዘግብ ደብተር የተሰጠው አንድ ተላላኪ ልጅ እጁን ያወጣል። «ለሁሉም ሰው ነው?» «ለሁሉም!» ጭብጨባ።

ከ2 እስከ 5፦ መልእክት ይመጣል። ከበላይ ቢሮ አለቃው እኩለ ቀን ላይ ሊደውሉ ነው። ኔትወርክ የሚይዘው ደግሞ የቢሮው ጣሪያ ላይ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ልጁን ልኮ መሰላሉን ያስመጣል። «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ። ግራ ቀኝ አይቶ ይወጣል። በጎን ታሪኩ አስተማሪው የዝውውር ደብዳቤ ጽፏል፤ ማህተም ቀርቶታል። ማህተሙ የሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው።

ከ5 እስከ 7፦ ወፍጮ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። መሰላሉ ከጠዋት ጀምሮ የተፈቀደው ለወፍጮው ባለቤት ነበር። ቢሮው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ያገኘዋል። ቀና ሳይል ተሸክሞት ይሄዳል። ልጁ ያያል፣ ማንም ግን አይጠይቀውም።

ከ7 እስከ 12፦ ሊቀመንበሩ ጣሪያው ላይ ቀርቷል። መጮህ አይችልም፤ ደንቡን ያወጣው ትናንት አይደለም፣ ዛሬ ጠዋት ነው። አስተማሪው ይመጣል። ደብዳቤው በቅርጫትና በገመድ ይወጣል፣ ማህተም ተመትቶ ይወርዳል። ይህን ያየ ሌላ ባለጉዳይ ይመጣል። ከዚያ ሌላ። ወረፋ ይሠራል። ሊቀመንበሩ ከተሾመ ጀምሮ ሙሉ ቀን ቢሮ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሥራው ይቀላጠፋል፣ ሕዝቡ ይመርቀዋል።

ከ12 እስከ 16፦ ወፍጮ ቤት የመሰላሉ አንድ እርከን ይሰበራል። ባለወፍጮው ደብቆ በገመድ ማሰር ይጀምራል። ባለመሰላሏ ፍለጋ ወጥተዋል፤ ቤት ለቤት ሲሄዱ የዕዳ ካርታው ይገለጣል። ሁሉም ሰው ስለ መሰላሉ ሲጠየቅ ስለ ሌላ የተዋሰው ዕቃ መናዘዝ ይጀምራል።

ከ16 እስከ 20፦ አለቃው ቢደውሉ ቢደውሉ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበርና በአካል ይመጣሉ። ወረፋውን ያያሉ። ከላይ ሆኖ የሚሠራውን ሊቀመንበር ያያሉ። በጣም ይደሰታሉ። «እኔም ከላይ ልየው» ይላሉ። መሰላሉ በዚያው ሰዓት ይደርሳል። ባለወፍጮው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አለቃው ይወጣሉ። የታሰረው እርከን ከሥራቸው ይለቃል።

ከ20 እስከ 22፦ ጀምበር እየጠለቀች ነው። ሁለቱ ጣሪያ ላይ ናቸው። አስተማሪው ከታች ደብዳቤው ላይ የአለቃው ፊርማ እንደሚቀር ይናገራል። «ስወርድ» ይሉታል። ልጁ ደብተሩን ይገልጣል። ይጽፋል። ቀና ብሎ ይቆጥራል። «ሁለት ሰው።»

ማንም ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም ትንሽ ነገር ደብቋል። መጨረሻ ላይ የሚፈነዳው ጠዋት በስብሰባው ላይ የተቀበረ ነው። ሳቅ ሲጠፋባችሁ ሃያኛው ገጽ ላይ አትፈልጉት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያልተቀበረ ነገር አለ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ምልልሱ

ቀልድ አትጻፉላቸው። ሁሉም ሰው የሚናገረው ከልቡ ይሁን። ሊቀመንበሩ የሚያስቀው ክብሩን እያዳነ ስለሆነ ነው።

አስተማሪው፦ ሊቀመንበር፣ እዚያ ላይ ምን እየሠሩ ነው?
ሊቀመንበሩ፦ ቁጥጥር።
አስተማሪው፦ የምን ቁጥጥር?
ሊቀመንበሩ፦ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ካለ እያየሁ ነው።
አስተማሪው፦ አለ?
ሊቀመንበሩ፦ (ዙሪያውን አይቶ) እስካሁን የለም።

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አስተማሪው ቀጥሎ «ታዲያ እርስዎስ?» ይል ነበር። ሰረዝኩት። ተመልካች በራሱ የሚለውን ገጸ ባህሪው ካለለት ሳቁን ቀማነው ማለት ነው።

አጭር መልስ ሰውን እንዴት እንደሚያጋልጥ ደግሞ እዚህ ተመልከቱ።

ባለመሰላሏ፦ መሰላሌን አየኸው?
ባለወፍጮው፦ የትኛውን፣ እማማ?
ባለመሰላሏ፦ ስንት መሰላል አለ በዚህ አገር?

አንድ መሰላል ባለበት መንደር «የትኛውን?» ማለት መናዘዝ ነው። አሮጊቷ ምንም አይጨምሩ። ዝም ብለው ይዩት።

የአነጋገር ዘይቤ ላይ ተጠንቀቁ። የአካባቢ ቃናን ለሳቅ ብቻ ማጋነን በሦስተኛው ደቂቃ ይሰለቻል፤ የቃናው ባለቤቶችም ይቀየማሉ፣ ልክም ናቸው። ጥሩው መንገድ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ መስመሮቹን በራሱ አፍ እንዲላቸው መጠየቅ ነው። ሲል ይቀይራቸዋል። የቀየረውን ጻፉ።

ድግግሞሽንም ቁጠሩት። ቅርጫቱ ሦስት ጊዜ ይወጣል። መጀመሪያ ደብዳቤ ይዞ፣ ሁለተኛ ምሳ ይዞ፣ ሦስተኛው ላይ መለወጥ አለበት። በእኔ ስክሪፕት ላይ ሦስተኛው የተሸለመ የምስክር ወረቀት ነው። ለትጋቱ። አራተኛ ጊዜ ካወጣችሁት ግን ሰው ሰዓቱን ያያል።

ደረጃ 8፦ ጮክ ብሎ ማንበብ

ስድስት ሰው ሰብስቡ፣ ተዋናይ ባይሆኑም። እናንተ አታንብቡ። ስክሪፕቱ ላይ የተሳቀበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሁለት ገጽ ሙሉ ምልክት ከሌለ አንድ ትዕይንት ይውጣ። ጨክኑ። ከአንባቢዎቹ ቢያንስ ሁለቱ ገጠር የኖሩ ይሁኑ። እነሱ የማይስቁበት፣ የከተማዎቹ ብቻ የሚስቁበት ቦታ ካለ፣ እዚያ በሰው ድህነት ወይም አለማወቅ እየሳቃችሁ ነው።

ደረጃ 9፦ ቀረጻው

የቀረጻ ፕሮግራም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይወጣም። በቦታ ነው የሚወጣው። የጣሪያው ትዕይንት በሙሉ በተከታታይ ቀናት፣ የወፍጮ ቤቱ በሌላ ቀን። ልምድ ያለው አነስተኛ ቡድን በቀን ከ5 እስከ 7 ገጽ ሊቀርጽ ይችላል። ጀማሪ ከሆናችሁ 4 ገጽ አቅዱ፤ እንስሳ ካለ ደግሞ ከዚያም ቀንሱ።

ጣሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ። ተዋናይን እውነተኛ ጣሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ አታስቀምጡ። ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ያንሸራትታል። ሰፊውን ምስል በእውነተኛው ቤት ላይ፣ ደህንነት ተጠብቆ፣ ቶሎ ቅረጹት። ቅርቡን ምስል መሬት ላይ በተሠራ ዝቅተኛ ርብራብ፣ ካሜራውን ከታች ወደ ላይ አድርጋችሁ ቅረጹት። ከጀርባ ሰማይ ብቻ ከታየ ማንም አይለየውም። ጥላውን ግን ተከታተሉ። ታሪኩ አንድ ቀን ነው፣ ቀረጻው ሦስት ቀን። የጠዋት ጥላ ከሰዓት ትዕይንት ላይ ከገባ ኤዲተሩ ያለቅሳል። እያንዳንዱ ምት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው ቁራጭ) በታሪኩ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ስክሪፕቱ ጠርዝ ላይ ጻፉ።

የእኩለ ቀን ፀሐይ ከላይ ስለሚወርድ የሰው ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ያሉትን ትዕይንቶች ቅረጹ፤ ውጭውን ለጠዋትና ለአመሻሽ ተዉት። የመጨረሻዋ የጀምበር ምት በቀን አንድ ዕድል ብቻ አላት። ከአንድ ሰዓት በፊት ልምምዱን ጨርሳችሁ ጠብቋት።

ድምጽ የገጠር ቀረጻ ትልቁ ጠላት ነው። ንፋስ፣ ዶሮ፣ ከሩቅ የሚጮህ ሞተር። ማይኩ ላይ ጸጉራም የንፋስ መከላከያ ይኑር። ጄኔሬተር ካለ ከቤት ጀርባ፣ ኬብል እስከቻለ ድረስ አርቁት። በእያንዳንዱ ቦታ ቀረጻ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ጸጥ ብሎ የአንድ ደቂቃ የአካባቢ ድምጽ ብቻ ይቀዳ። ኤዲቲንግ ላይ ምልልሱ የተቆራረጠበትን ቦታ የሚደፍነው እሱ ነው። ወፍጮው እየሠራ ንግግር አትቅረጹ። ወፍጮው ቆሞ ተዋናዮቹ እንደሚጮሁ ሆነው ይናገሩ፣ ድምጹ በኋላ ይጨመራል። መጮህ የረሳ ተዋናይ ሁልጊዜ አለ፤ አንድ ሰው ያስታውሰው።

እንስሳ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አይደግምም። ባለቤቱ ከካሜራ ውጭ ይቁም፣ ጥሬ በእጁ ይኑር፤ ዶሮዋ ላደረገችው ነገር ተዋናዮቹ መልስ እንዲሰጡ አለማምዷቸው።

የመንደሩ ሰዎች ደግሞ አጃቢ ብቻ አይደሉም። አስቀድማችሁ ሂዱ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ የሥራ ወቅታቸውን እወቁ። በአጨዳ ሰሞን ሰው ሙሉ ቀን ማቆም ነውር ነው፤ ደግሞም አይቆሙላችሁም። የሠራውን ሁሉ ክፈሉ። የተዋሳችሁትን ዕቃ በሙሉ ዝርዝር ያዙ።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛው ክፍል ከመጻፉ በፊት

ቁጭ በሉና የመሰላል መጠን ያላቸው አሥር ችግሮች ዘርዝሩ። አንድ መስመር ለእያንዳንዱ። አሥር ካልሞላ ካርታውና የዕዳ ወረቀቱ ላይ ክፍተት አለ፤ ወደዚያ ተመለሱ። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ የሚሻገረውንና የማይሻገረውንም ወስኑ። እኔ ቅጣቱ ይሻገራል ብዬ ወሰንኩ። ሊቀመንበሩ በየክፍሉ ላለመክፈል አዲስ ምክንያት ያመጣል፣ ልጁ በየክፍሉ ደብተሩን ይገልጣል።

ይህን ስክሪፕት ለዚያው ዘመዴ አነበብኩለት። ገመድ እየገመደ ነበር። አለቃው ወደ ላይ ሲወጡ እጁን አቆመ። ልጁ «ሁለት ሰው» ሲል ሳቀ፣ ጮክ ብሎ። ከዚያ ወደ ገመዱ ተመለሰና ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ።

«የሴትዮዋን መሰላል ግን ማን ሊያሠራላት ነው?»

ሦስተኛውን ክፍል እሱ ሰጠኝ።